ጋሽ ሁለተኛ ገጽ

ጋሽ ሁለተኛ ገጽ ሆን ብለው ነው የሚሳሳቱት የሚል ወሬ መሥሪያ ቤቱን ከምድር ቤት እስከ ሰገነት አዳርሶታል። ወሬው እንደሚለው ሰውዬው የየታሪኩን ገዳይ አብጠርጥረው ያውቃሉ፤ አደባባይ የሚያወጡት ግን ምንም የማያውቀውን ምስኪን ነው።

ማን ያምናል? ሰው ኮቱን አውልቆ ይሰጣል፤ ካስጨነቁት ኩላሊቱንም ይሰጣል። “አዋቂ” የሚለውን ስሙን ግን በገዛ ፈቃዱ የሚሰጥ ገና አልተወለደም።

እንዲህ ያለ አዋቂ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም፤ ካለም ገና ሠራተኛ አልቀጠረም ማለት ነው። የወንጀል ታሪክ ሲይዝ ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ገዳዩን አንጠልጥሎ ከች ይላል። ክቡር ጋሽ ሁለተኛ ገጽ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው “መነጽሬን ማን ወሰደው?” በማለት ሦስት ተጠርጣሪ ይይዛሉ። የሚወዱት ደራሲው ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አሳትሞ፣ ራሱ በብብቱ ሸጉጦ የሚያዞራቸውን ቀጫጭን የምርመራና የልብ ሰቀላ ታሪኮች ነው።

“ወፍራሙን መጽሐፍ ጊዜ ለተረፈው ተዉለት” ይላሉ። “እኔ ሬሳው ከምሳ በፊት እንዲገኝልኝ ነው የምፈልገው።”

ምሳ ሰዓት ሻይ ክበብ ይገባሉ፤ ብርጭቋቸውን በማንኪያ ቀጭ ቀጭ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ያቺ የታወቀችው አዋጅ ትከተላለች፤ “ሁለተኛው ገጽ ላይ ደረስኩበት!”

ያልከሰሱት የለም። በመርከቡ ታሪክ ምግብ አብሳዩን ከሰሱ፤ ገዳዩ ካፒቴኑ ሆኖ ተገኘ። በሆቴሉ ታሪክ መንትዮቹን ከሰሱ፤ ታሪኩ ውስጥ መንታ የሚባል አልነበረም። በአንዱማ ሟቹን ራሱን ወንጀለኛ አደረጉት።

“ሰውዬው ሞቷል እኮ ጋሼ!”

“መሞቱን ማን አየ? ሬሳ አይዋሽም ያለህ ማን ነው?”

ክበቡ በሳቅ ይፈርሳል። የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር እንባውን እየጠረገ፣ “ጋሼ፣ እርስዎ ዳኛ ቢሆኑ ኖሮ እኔ እስካሁን ተሰቅዬ ነበር” ይላል።

“አንተንማ ያለ ምርመራም እሰቅልህ ነበር።”

በዚህ ሁሉ የማትስቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ የሁለተኛው ፎቅ ጸሐፊ። በሥራ ሰዓት የሥራ አስኪያጁን ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ከሥራ ስትወጣ ሰው ትገድላለች፤ በወረቀት ላይ። ሦስት ታሪክ በራሷ አሳትማለች። አራተኛዋ፣ “የሦስተኛው ፎቅ ቁልፍ”፣ ገና መውጣቷ ነው። አታሚው ታዲያ ቁርጡን ነግሯታል፤ “ይህ የመጽሐፍሽ ክምር ከደረጃዬ ሥር ካልተነሳ አምስተኛውን አላትምም።” አምስተኛው ተጽፎ አልቆ መሳቢያዋ ውስጥ ተኝቷል። ክምሩን ተሸክማ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ላሉት ጋዜጣ ሻጭ አደራ ሰጠች።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ የመጀመሪያውን ቅጂ ገዙ። ምሳ ሰዓት ማንኪያዋ ጮኸች።

“ሁለተኛው ገጽ ላይ ደረስኩበት! አከራይዋን የገደላት ጥርስ ሐኪሙ ነው!”

ጸሐፊዋን ሻዩ ትን አላት። ገዳይዋ የአከራይዋ እህት ናት፤ ሐኪሙ አንድ መንጋጋ ነቅሎ ከመሄድ በቀር በታሪኩ ውስጥ ሥራም የለው።

“ጋሼ፣ ምን በደልኩዎት? ገዳዩ ታወቀ ከተባለ ማን ይገዛኛል?”

“ልጄ፣ እኔ ምን ላድርግ? እውነት ናት የምታስቸግረኝ። ደግሞ ጥርስ የሚነቅል ሰው ነፍስ ይምራል ብለሽ ነው?”

ያን ቀን ከሰዓት ሦስት ደብዳቤ አበላሸች። አንዱንማ “ጉዳዩ፦ ጥርስ ሐኪሙን ይመለከታል” ብላ ለፊርማ ልታቀርበው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ክምሯን ልታነሳ ወረደች። መደቡ ባዶ ነው።

“እትዬ፣ መጽሐፌን የት አደረሱት?”

“የት አደርሰዋለሁ፣ አለቀ እንጂ! ሹፌሩ ገዛ፤ ሒሳብ ክፍል እንዳለ ገዛ፤ ሥራ አስኪያጁ ኮቱ ውስጥ ደብቆ ገባ። ሁሉም ‘ዛሬስ ጋሼን ሳላዋርድ አልውልም’ ነው የሚለው። እሳቸው በተሳሳቱ ቁጥር ገበያዬ ይደራል። መቼስ ሳይሳሳቱ ቀርተው አያውቁ!”

ጸሐፊዋ ቆማ ቀረች። ሳይሳሳቱ ቀርተው አያውቁም? በግምት እንኳ ቢሆን ሰው አንድ ቀን አያገኝም? በታሪኮቿ የምታሠራው መርማሪ ሁሉ ውስጧ ነቃና ወደ ምድር ቤት ወሰዳት። ጋሼ ፋይል ሊያደርሱ ወጥተዋል። ከሠራተኞች ማኅደርና ከተሽከርካሪዎች ማኅደር መካከል ቀጫጭን አቃፊዎች ተደርድረዋል፤ ለእያንዳንዱ ታሪክ አንድ አቃፊ፣ ቁጥር ተሰጥቶት። የራሷን ስባ ከፈተች። አንዲት ወረቀት፣ የጋሼ የጉንዳን ሰልፍ የመሰለ ጽሑፍ፦

“ገዳይ፦ የሟች እህት። ማስረጃ፦ ገጽ ሁለት፣ እርጥቡ ጃንጥላ። ልጅቱ ጎበዝ ናት። ለማንም እንዳይነገር።”

ከሥሩ ቀይ ማኅተም፤ ሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ከምሳ በፊት።

የመርከቡን አቃፊ ሳበች፤ ካፒቴኑ። የሆቴሉንም ሳበች፤ እሱም ልክ ነው። አንድም የሳቱት የለም።

ዓይኗን አበሰች፤ የመዝገብ ቤት አቧራ መጥፎ ነው። አምስተኛውን ለአታሚው ሰጥታ ስትመለስ ሆዷ አልቻለም፤ ለጋዜጣ ሻጯ ብቻ፣ በጆሯቸው፣ በአደራ ነገረቻቸው። ለእሳቸው መንገር ደግሞ ጋዜጣው ላይ ከማውጣት አይለይም።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ጋሼ ሻይ ክበብ ሲገቡ ቤቱ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ጸሐፊዋ ምላሷን ነከሰች፤ ምን እንዳደረገች አሁን ገባት። ሽማግሌው እያወቁ እንደሚሳሳቱ ከታመነ ነገ ማን ሊያዋርዳቸው መጽሐፍ ይገዛል? አምስተኛው ማተሚያ ቤት ገብቷል።

“ጋሼ፣” አለ ሹፌሩ፣ “ሆን ብለው ነው የሚሳሳቱት ይባላል። እውነት ነው እንዴ?”

ጋሽ ሁለተኛ ገጽ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤ ጸሐፊዋን አንድ ጊዜ አዩዋት፤ አቀረቀረች። ከዚያ ብርጭቋቸውን እስኪሰነጠቅ መቱት።

“ውሸት! ከእግር እስከ ራሱ ውሸት! እኔ ሆን ብዬም፣ ሳላስበውም ተሳስቼ አላውቅም! አከራይዋን የገደላት ጥርስ ሐኪሙ ነው፤ የተሳሳተችው ደራሲዋ ናት!”