የአባ ኦኖራ ቅድስና አስመስካሪ ኮሚቴ ስለ ሲጋራ፣ ስለ ዶሚኖና ስለ አንድ ውሸት ያደረገው ስብሰባ

ቀን፦ ዓርብ ኅዳር 19 ቀን 2001 ዓ.ም.
ቦታ፦ ጅቡቲ፣ አርሂባ ሰፈር፣ በሊቀ መንበሩ ቤት

የተገኙ፦
አቶ ዘውዱ፣ ሊቀ መንበር፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ
አቶ ሶሬሳ፣ አባል፣ የወደብ ሠራተኛ
ወ/ሮ ኤሌኒ፣ አባል፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ምግብ አብሳይ
ሚናስ፣ ጸሐፊ

በምስክርነት የተጋበዙ፦ ወ/ሮ ዙሌይካ፣ የአባ ኦኖራ የረጅም ዘመን ጎረቤት (ድምፅ የመስጠት መብት የላቸውም፤ ከመናገር ግን መግታት አልተቻለም)

ያልተገኙ፦ ወ/ሪት ሀዊ፣ አሠሪዋ ማዳም እንግዳ ስለጠራች

ከአምስቱ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶ ስብሰባው ከቀኑ 8፡15 ተጀመረ። ሊቀ መንበሩ ባሰሙት ንግግር፣ በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት አገልግለው ከአሥር ዓመት በፊት ያረፉት ፈረንሳዊው የካቶሊክ ፍራንቸስካውያን ማኅበር ሚስዮናዊ አባ ኦኖራ ቅድስናቸው እንዲታወጅ ለሮም ጥያቄ መቅረቡን፣ መርማሪ ካህን እሑድ እንደሚመጡ፣ ኮሚቴውም የሕይወት ታሪካቸውንና ቢያንስ አንድ ተአምር እንዲያዘጋጅ መታዘዙን አስረዱ።

አጀንዳ 1፦ ፎቶግራፍ

የተገኘው አንድ ፎቶ ብቻ ሲሆን አባ በእሱ ላይ ሲጋራ ያጨሳሉ። አቶ ሶሬሳ፣ ፎቶ ቤት ተወስዶ ሲጋራው መስቀል ይደረግ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ኤሌኒ መስቀል በአፍ እንደማይያዝ አሳሰቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሲጋራው ከነጣታቸው እንዲቆረጥ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ተአምር

ሊቀ መንበሩ፣ ጉልበታቸውን በዚሁ ፎቶ አሽተው በማግስቱ ደረጃ መውጣታቸውን መሰከሩ። ወ/ሮ ኤሌኒ፣ በዚያው ቀን የማዳማቸውን ቅባት ለሊቀ መንበሩ ያመጡት እሳቸው መሆናቸውን አስታወሱ። ሊቀ መንበሩ ቅባቱ ሽታ እንጂ ኃይል እንዳልነበረው በመግለጽ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ተአምሩ ቅባቱ ሳይጠቀስ እንዲጻፍ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ጠባይ

ወ/ሮ ዙሌይካ፣ የእሳቸው ባለቤት ከአባ ጋር ዶሚኖ ሲጫወቱ አባ ያጭበረብሩ እንደነበር፣ ሲያዙም በሦስት ቋንቋ ይቆጡ እንደነበር በደስታ ገለጹ። አቶ ሶሬሳ፣ የእስላም ምስክርነት ሮም ይቀበል እንደሆነ ጠየቁ። ወ/ሮ ዙሌይካ፣ ሰውየውን ሲታመሙ ሾርባ ያጠጧቸው ሮም ያሉት ይሁኑ እሳቸው እንዲጣራ ጠየቁ። አቶ ሶሬሳ ጥያቄያቸውን ሰረዙ። «በዶሚኖ ጨዋታ ትጉ ነበሩ» ተብሎ እንዲጻፍ ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ የሠሩት በጎ ሥራ

ወ/ሮ ኤሌኒ ቃላቸው ሳይነካ እንዲጻፍ በመጠየቃቸው እንደሚከተለው ተጽፏል።

«በሰማንያ አራት ዓ.ም. አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወደ የመን እንሻገራለን ብለን ሦስት ሴቶች መጣን። ደላላው ወረቀታችንን ወስዶ እዚሁ አርሂባ አንድ ክፍል ቆለፈብን። ስድስት ቀን ሆነን። አባ ከማን እንደሰሙ አላውቅም፤ በሩን ደበደቡ። ‹ሐኪም ነኝ፤ እነዚህ ልጆች የሳንባ ነቀርሳ አለባቸው፤ አንተንም ልመርምርህ› አሉት በአረብኛ። ደላላው አፉን በሻሹ ሸፍኖ እኛንም ወረቀታችንንም መንገድ ላይ ወረወረን። እኔ አመሰገንኩ? ዕድሌን ዘጋህብኝ ብዬ በጫማዬ መታኋቸው። ጫማዬን አንሥተው መለሱልኝና ዙሌይካ ቤት ወሰዱን።»

ወ/ሮ ዙሌይካ፣ ልጅቱ ለሁለት ሳምንት እህል እንጂ ሰላምታ እንዳልተቀበለች አረጋገጡ።

አቶ ሶሬሳ ታሪኩ መልካም ቢሆንም ሐሰት መናገር ትእዛዝ ማፍረስ በመሆኑ መርማሪውን ያስደነግጣል አሉ። ሊቀ መንበሩ «በጸሎታቸው በሩ ተከፈተ» እንዲባል ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ኤሌኒ ተነሡ።

«ጋሼ ዘውዱ፣ በሩን የከፈተው ውሸታቸው ነው። ያን ውሸት ከሰረዛችሁ እኔ እስካሁን እዚያ ክፍል ውስጥ ነኝ።»

 

ከዚያ በኋላ ሊቀ መንበሩ ጉልበታቸው እስከ ዛሬ እንደሚያማቸው፣ ወደ ገበያም በታክሲ እንደሚሄዱ በራሳቸው ፈቃድ አስታወቁ። አቶ ሶሬሳ «እንዲህ ጽፈን ባይቀበሏቸውስ?» ሲሉ ጠየቁ። ወ/ሮ ዙሌይካ «ከተቀበሏቸው የሮምም ይሆናሉ፤ ካልተቀበሏቸው የእኛ ብቻ ናቸው። ምን ትከስራለህ?» አሉ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ፎቶው ሳይቆረጥ ይቀርባል፤ ዶሚኖው፣ ቁጣውና ውሸቱ እንደ ነበሩ ይጻፋሉ። ተአምር ለሚለው ጥያቄ «አልተገኘም፤ ወ/ሮ ኤሌኒን ያነጋግሩ» የሚል መልስ ይሰጣል። አቶ ሶሬሳ መጀመሪያ እጃቸውን አንሥተው ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ። ወ/ሮ ዙሌይካም መብት ሳይኖራቸው ሁለቱንም እጃቸውን አነሡ፤ አልተቆጠረም፣ አልተከለከለምም።

ወ/ሮ ኤሌኒ የማዳማቸውን እራት የሚያበስሉበት ሰዓት ስለደረሰባቸው ስብሰባው ከቀኑ 11፡20 ተበተነ።

ሚናስ፣ ጸሐፊ