የጋሽ በዳዳ ፍሬን እስከ ዓርብ ደህና ነው

ሌላውን ሁሉ እየጠበቀ ራሱን ሜዳ ላይ የሚጥል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በዚህ ምድር ላይ አልተከፈተም። ታውቁታላችሁ። ታክሲ ውስጥ "መስኮቱን ዝጊው፣ ብርድ ይመታሻል" እያለ እሱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ነው። ለጎረቤት ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ አደጋ እየሰበከ የራሱን የተላጠ ሽቦ በፌስታል የሚጠቀልለው ነው። እኔ የካ ውስጥ ዕቃ በሞተር የሚያደርስ አንድ ትንሽ ድርጅት ለቢሮ ሥራ ተቀጥሬ የዚህን ዘር አለቃ አገኘሁ፤ ክቡር ሊቀ ጠንቃቃን ጋሽ በዳዳን።

ጋሽ በዳዳ ሃምሳን የተሻገሩ ሞተረኛ ናቸው። አንድ ቃል ይበቃቸዋል፦ "ቀስ!" በአማርኛ ካልገባህ በኦሮምኛ ይደግሙልሃል፦ "ሱታ!" ዕቃ ለሚጭነው "ቀስ!"፣ ትኩስ ሻይ ለሚያነሳው "ቀስ!"፣ ደረጃ ለሚወርዱት ሥራ አስኪያጃችን ለወይዘሮ አስካለች "ኧረ ቀስ ይበሉ!" አንድ ቀን ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ላይ "ቀስ!" ብለው ጮኹ። ሰውየው በድንጋጤ ከወንበሩ ወደቀ።

እኔ የተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ነው። ወይዘሮ አስካለች ይህን ሲሰሙ "እንግዲያው የደህንነት ደንቡን አንተ ጻፍልን" አሉኝ። አሥራ ሁለት አንቀጽ ጻፍኩ። ስለ ወገብ የጻፍኩት ቤት ይመታ ነበር። ደንቡ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ቆመው እስከ መጨረሻው ያነበቡት ጋሽ በዳዳ ብቻ ናቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ገጣሚው፣ እነዚህ ልጆች ይህን ቢሰሙ ማንም አይሞትም" አሉኝ። ከዚያም ሄልሜታቸውን ክርናቸው ላይ አንጠልጥለው ሄዱ።

አዲስ አበባ ውስጥ የሳቸውን ያህል የተጠበቀ ክርን የለም።

"ለምን ራስዎ ላይ አያደርጉትም?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ትራፊክ ሳይ አደርገዋለሁ።"

"ጋሽ በዳዳ፣ የሚገጭዎት ትራፊኩ ነው እንዴ?"

ሳቁብኝ። በማግስቱ ሲኤምሲ ለአንዲት ደንበኛ የሚደርስ ደርዘን እንቁላል ሄልሜታቸው ውስጥ ደርድረው፣ በፎጣ ሸፍነው አየኋቸው። ራሳቸው ባዶ ነው። ቆጣ ስል እንዲህ አሉኝ፦ "እንቁላሉ ቢሰበር ተጠያቂው እኔ ነኝ። እኔ ብሰበር ተጠያቂው ማን ነው?" መልሱን አሥራ ሁለቱ አንቀጾች ውስጥ ፈለግሁት። የለም።

ምንያህል የሚባለው ወጣት ሞተረኛ ጤፍ ሲያነሳ "ከጉልበትህ በርከክ በል! ወገብህን!" ይሉታል። እሳቸው ግን የጋዝ ሲሊንደር እንደ ሕፃን ከመሬት መንጨቅ ነው። ወገባቸው ሲንቋቋ ቢሮ ድረስ ይሰማኛል።

ከሁሉ የከፋው ቁልቁለቱ ነው። ከእንጦጦ ሲወርዱ ሞተሩን ያጠፉታል። "ቁልቁለት የእግዜር ቤንዚን ነው" ይላሉ። አንድ ቀን ከኋላቸው ተቀምጬ ወርጃለሁ። ባሕር ዛፉ በግራ በቀኝ ይሸሻል፤ ከተማው ከታች ጭጋግ ለብሶ ተኝቷል፤ ከፍሬኑ ሸራ ሲጥታ በቀር ድምፅ የለም። ለሞት ይህን ያህል መቅረብ እንዲህ እንደሚያምር አላውቅም ነበር። በርግጥ ሄልሜቱን ያጠለቅሁት እኔ ነበርኩ። ማሰሪያውን አገጬ ሥር በገዛ እጃቸው ሁለት ጊዜ አጥብቀውልኛል።

በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ሞተረኛ ጠዋት ጠዋት ፍሬኑን፣ ጎማውንና መብራቱን አይቶ ቅጹ ላይ ራይት ያደርጋል። እኔም ሞተሩን አይቼ "አረጋግጫለሁ" ብዬ እፈርማለሁ። ጋሽ በዳዳ ግን ሰኞ ጠዋት ቁጭ ብለው የሳምንቱን ራይት ባንድ ትንፋሽ ይጨርሳሉ። "በየቀኑ አንተን ማስቸገር ነውር ነው" ይላሉ። እኔም ነውር እንዳይሆንብኝ አምስቱንም ቀን እዚያው ፈረምኩ።

ባለፈው ረቡዕ ዝናቡ ሳያባራ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወደ ታች ሲወርዱ ፍሬኑ እምቢ አለ። ከነሞተራቸው ቦይ ገቡ። እግራቸው ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ሐኪሙ ብረት ካልገባበት አይቆምም አለ። ክርናቸው አንድም ጭረት የለውም።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ አስካለች ቅጹን ይዘው መጡ። "ፍሬኑ ደህና ነው ብለው ራይት ያደረጉት ራሳቸው ናቸው። ጥፋቱ የራሳቸው ከሆነ ድርጅቱ አያሳክምም።"

"ቅጹ እኮ የዛሬንና የነገን ራይትም ይዟል" አልኩ። "ሞተሩ ቦይ ውስጥ ሆኖ ፍሬኑ ዛሬም ደህና ነው ይላል።"

"ለዚህ ነው የጠራሁህ። እስከ ረቡዕ ያለውን ብቻ ሌላ ቅጽ ላይ ገልብጠው። ጽሕፈትህ ቆንጆ ነው።" በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። "ያንተም ፊርማ እንዳለበት አትርሳ።"

ዓርብ የካ ዳገት ላይ ወዳለው ቤታቸው ወጣሁ። ልጃቸው ሲፋን በሩን ከፈተችልኝ። እግሬን ሳላነሳ ከውስጥ ድምፅ መጣ፦ "ቀስ! ደፉ እርጥብ ነው!"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጄሷቸውን እያዩ ሰሙኝ።

"ገልብጠው" አሉ።

"ጋሽ በዳዳ!"

"ምን ጋሽ በዳዳ ትለኛለህ? ሥራ ከያዝክ ገና ስንት ወርህ ነው? እኔ እንደሆነ ወድቄያለሁ። ሁለታችንም መውደቅ የለብንም።"

"እግርዎስ?"

"እግር ሁለት ነው።"

ሲፋን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ስወጣ "ሱታ!" ብለው ጮኹልኝ፤ ከአልጋ ላይ ሆነው፣ ለእኔ፣ ሁለት ጤነኛ እግር ላለኝ ሰው። ያን ዳገት እንዲህ ቀስ ብዬ ወርጄው አላውቅም።

ቢሮ ስገባ ዋናውን ቅጽ አወጣሁ። ያልሆነ ሐሙስና ያልሆነ ዓርብ ተደርድረውበታል፤ ከሥራቸው የእኔ ቆንጆ ፊርማ። ይህ ወረቀት እግራቸውን የሚያሳክም አይመስለኝም፤ የእኔን ወንበር ግን እንደሚወስድ አልጠራጠርም። በስልኬ አንስቼ ፎቶውን ለሲፋን ከመላኬ፣ ዋናውንም ወይዘሮ አስካለች ጠረጴዛ ላይ ከማኖሬ በፊት ታች ያለውን "አስተያየት" የሚል ባዶ መስመር አየሁት። ማንም ሞልቶት አያውቅም። ቀስ ብዬ ሁለት ቃል ጻፍኩበት፦

"ፍሬኑን አላየሁም።"