ሦስተኛው ፓኬት ዘግይቶ በቁሜ ተለቀሰልኝ

ወገን፣ ዛሬ የሆንኩትን ጉድ ብነግራችሁ "ሽምግልናህ የት ሄደ?" ትሉኛላችሁ!

የልብስ ስፌት ሱቄን ኦንላይን ላስገባ ብዬ እዚሁ ጂማ የኮምፒውተር ኮርስ ጀምሬያለሁ። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ። አትሳቁ።

አሰልጣኟ ፓኬት ስዊቺንግ ታስተምራለች። መልእክቱ ይቆራረጣል፣ ቁርጥራጩ በየራሱ መንገድ ይሄዳል፣ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ በቁጥሩ ይገጣጠማል። "አንዱ ፓኬት ቢዘገይስ ምን ይሆናል?" ብላ ጠየቀች።

እኔ ሆዬ እጄን አውጥቼ "ለቅሶ ይሆናል!" አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። "እንዴት አባባ ቶፊቅ?" አለች። አፌ አላርፍ አለኝና ዘከዘክሁት።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ዘሃራ የምትባል፣ እዚሁ ጂማ አጠገብ ያለችው የየቡ ከተማ ልጅ አጭቻለሁ። ለብሔራዊ ውትድርና ስጠራ አባቷ አባ ዲጋ ቁርጡን ነገሩኝ፦ "ለዘማች ልጅ አልድርም። እስከ አርብ ካልተለቀቅህ ለነጋዴው እሰጣታለሁ።"

አልሐምዱሊላህ፣ ሐኪም ቤት ለምርመራ ስገባ እግሬ ጠፍጣፋ ሆኖ ተገኘና መለሱኝ! በእግሬ የኮራሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ግን እንዴት ልንገራቸው? ያኔ ስልክ ማለት ስልክ ቤት ሄዶ ወረፋ መያዝ ነው። አንዱ መስመሩን ከያዘ እስኪጨርስ ድረስ ሌላው ቆሞ ይሰማዋል። እዚያ መሃል "ከውትድርና ተረፍኩ!" ብዬ ልጩህ? የቀበሌ ጆሮ ሰምቶ መልሶ ቢያስጠራኝስ!

ስለዚህ ማንም ሙሉውን እንዳያውቅ መልእክቴን ሦስት ቦታ ቆረጥኩት። ብልጥ ነኝ አይደል?

ለቡና መኪና ሾፌር፦ "ቶፊቅ ሐኪም ቤት ገብቷል በላቸው።"

ወደ የቡ ለሚሄድ አስተማሪ፦ "አርብ በጠዋት ሽማግሌ ይዘው ይምጡ በላቸው።"

ለቅቤ ነጋዴዋ ለሶፊያ ደግሞ ዋናውን፦ "ደህና ነው፣ ለቀውታል፣ ኒካው ይታሰር በያቸው።"

ቁጥር? ማን አስቦት!

ሶፊያ ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ "አከም ጅርቱ? እንዴት ናችሁ?" ሳትል አታልፍም። ልጆቹን ትጠይቃለች፣ አዝመራውን ትጠይቃለች፣ የጎረቤት ላም ሳይቀር ትጠይቃለች። ኮርሱ ላይ ፕሮሰሲንግ ዴሌይ፣ ፓኬቱ በየጣቢያው ቆም እያለ የሚዘገየው፣ ሲባል ወዲያው የታየችኝ እሷ ናት።

ሁለቱ ደረሱ። እሷ የለችም።

እንግዲህ ፍረዱ። በእኛ አገር ሞትን ማን ፊት ለፊት ይናገራል? "ሐኪም ቤት ገብቷል፣ በጠዋት ሽማግሌ ይዛችሁ ኑ" ከተባለ ያለቀ ነገር ነው!

አርብ ጠዋት ነጭ በነጭ ለብሼ፣ በጉም ታርዶ፣ ጂማ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ቤቴ እንግዶቼን እጠብቃለሁ። ከመንገዱ ለቅሶ ተሰማ።

የሰፈር ሰው የሞተ መስሎኝ እያለቀስኩ ወጣሁ! ለቅሶ ሲመጣ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን እንደሞተ በኋላ ይጠየቃል። ከኋላ ተቀላቅዬ ከልቤ ካነባሁ በኋላ አጠገቤ ያሉትን ሽማግሌ "ማን ነው የሞተው?" አልኳቸው።

"ቶፊቅ የሚባል ልብስ ሰፊ። ምስኪን፣ ሊያገባ ነበር።"

ያ አላህ!

አባ ዲጋ ዞር ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ፊታቸው በርበሬ መሰለ። "በልጄ እንባ ትቀልዳለህ? አበቃ! ለነጋዴው ነው የምሰጣት!"

ዘሃራን በገዛ ብልጠቴ አጣኋት አልኩ።

እሷ ግን ፊቷ በእንባ እንደራሰ አባቷ ፊት ቆመች። "አባዬ፣ ከየቡ እስከዚህ ደረቴን እየደቃሁ አልቅሼለታለሁ። ሰው ሁሉ አይቶኛል። አሁን የትኛው ነጋዴ ነው የሚያገባኝ?"

አባ ዲጋ ዞረው ለቀስተኛውን አዩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው፣ ሌሎቹም ተከተሉት። አባ ዲጋም እሺ አሉና ኒካው እዚያው በለቀስተኛ ፊት ታሰረ። ሶፊያ የደረሰችው በጉ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው። "ደህና ነው ብሏችኋል" አለች!

ይህን ሁሉ ዛሬ ክፍል ውስጥ ነገርኩ። ዘሃራ ደረቷን መድቃቷን ለሰው እንዳልናገር አስምላኝ ነበር። አንዱ ተማሪ ለካ ቪዲዮ ይቀርጻል! ፖስት አድርጎት፣ እኔ ቤት ሳልገባ እሷ ጨርሳ አይታዋለች።

ከገባሁ ጀምሮ "ዘሃራዬ፣ ምሳ አለ?" እላለሁ። መልስ የለም። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው!

እስቲ ኔትወርክ የምታውቁ፣ ይሄ ዴሌይ ነው ወይስ መስመሩ ጭራሽ ተቆርጧል?