ዳይሬክተሩ ክሊራንስ ሲያስፈርሙ

ትናንት ከምሳ በኋላ አቶ ልዑልሰገድ ቢሯቸው ውስጥ እንደተቀመጡ ሸለብ አደረጋቸውና ሕልም አዩ። ባያዩ ነበር የሚገርመው። አዳማ ላይ ያቋቋሙት የግል ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። መምህራኑና ዘበኛው ደሞዝና የስንብት ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ወላጆች የሌላ ትምህርት ቤት ምዝገባ ሳያልፍባቸው የልጆቻቸውን የውጤት ማስረጃ ይለምናሉ። እሳቸው ግን «መጀመሪያ ውዝፋችሁን ክፈሉ» ብለው ማስረጃውን ሁሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ቆልፈውበታል። ሕጉ ስጡ ይላል። አቶ ልዑልሰገድ ደግሞ ሕግ ትዝ የሚላቸው የቤት ኪራይ ሲጨመርባቸው ብቻ ነው።

በሕልማቸው ከግቢው ሊወጡ ሲሉ ከረባት ያሰረ ፍየል በር ላይ አስቆማቸው። የትምህርት ቤቱ ሒሳብ አጣሪ እሱ ነበር። ቀን የጎደለ ለታ ፍየልም አለቃ ነው።

«ክሊራንስ አለዎት?»

«የምን ክሊራንስ? ትምህርት ቤቱ እኮ የራሴ ነው!»

«ለዚያ ነዋ! ከልጆቹ የወሰዱትን መልሰው ሳያስፈርሙ መውጣት የለም» አለና የክሊራንሱን ወረቀት ጥጉን ቆርጥሞ የቀረውን ሰጣቸው።

ዞር ሲሉ ግቢው መሥሪያ ቤት ሆኗል። መምህራኑ ለእሳቸው ደሞዝ ሊከፍሉ ተሰልፈው «እባክዎ ይቀበሉን» እያሉ ያለቅሳሉ። በየመስኮቱ የተቀመጡት ኃላፊዎች ተማሪዎች ናቸው። በመጀመሪያው መስኮት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ማህተም ታቅፋ ተቀምጣለች።

«የጠዋት እንቅልፌን ወስደዋል» አለቻቸው።

ኪሳቸውን ቢፈትሹ እውነትም እንቅልፏ እዚያ ነበር፤ ይሞቃል። ሰጧት፤ ፈረመች። ሁለተኛው መስኮት ላይ ያለው ልጅ ቀምተው ጣሪያ ላይ የወረወሩበትን ኳስ ጠየቃቸው። ጣሪያ ላይ ወጡ፤ ጣሪያው እንደ ሊጥ እየዋጣቸው ኳሱን አወረዱለት። እሱም ፈረመ።

የቀረችው የስምንተኛ ክፍሏ ሀሴት ነበረች። ቀና ብላም አላየቻቸው።

«ዛሬ አይቻልም። ነገ ይመለሱ።»

«ነገማ ምዝገባው ያበቃል! በልጆችሽ... ማለቴ በእናትሽ ይዤሻለሁ!»

«ውዝፍ አለብዎት።»

«የምን ውዝፍ?»

«እናቴን ሰው ሁሉ ፊት አቁመው የተናገሯት አለ። እሱን ከየሰዉ ጆሮ ሰብስበው ያምጡ።»

አቶ ልዑልሰገድ አፈሩ። በዕድሜያቸው እንዲህ አፍረው አያውቁም። የተናገሩት ትዝ አላቸው፤ የሰማው ሰው ብዛትም ትዝ አላቸው። መስኮቱ ሥር ተንበርክከው እንደ ሕፃን አለቀሱ። «ማስረጃውን እሰጣለሁ! ለሁሉም፣ ያለምንም ክፍያ! ብቻ ፈርሚልኝ!»

ሀሴት እስክሪብቶዋን አነሳች። በሩ ተንኳኳ፤ ነቁ።

በእውን የሀሴት እናት ደጃፉ ላይ ቆመዋል። አቶ ልዑልሰገድ ዓይናቸውን እንኳ ሳይጠርጉ ተነሥተው እጃቸውን ያዟቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ! ምንም መክፈል የለብዎትም። ይምጡ፣ አሁኑኑ ግምጃ ቤቱን ከፍቼ የልጅዎን ማስረጃ እሰጥዎታለሁ።»

ሴትዮዋ አልተደሰቱም። በነጠላቸው የቋጠሩትን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። በወረቀት የተጠቀለለ ኦቾሎኒ ነው፤ ጥቅሉ ብዛቱ!

«ምኑን ነው የሚከፍቱት ጋሼ? ዘበኛዎ ደሞዜን ከለከሉኝ ብሎ ቁልፉን ሰብሮ ወረቀቱን በሙሉ ለኦቾሎኒ ሻጮች በኪሎ ሸጦታል። እኔም ከጠዋት ጀምሮ ኦቾሎኒ ስገዛ ዋልኩ። የልጄን የሰባተኛ ክፍል አግኝቻለሁ፤ የስምንተኛው ግን እስካሁን አልወጣልኝም።»