መስኮት ዘጊዋ ወይዘሮ አስቻለች ዋና ገንዳ ሲገቡ

አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የሚሳፈር ሰው ሁሉ ወይዘሮ አስቻለችን ያውቃቸዋል። በስም ላያውቃቸው ይችላል፤ በድምፅ ግን አይስታቸውም። ሚኒባሱ ሞልቶ፣ የአንዱ ክርን የሌላው ጎን ውስጥ ተሰክቶ፣ ከመስኮት በኩል ትንሽ አየር ገብታ ሰው ሁሉ ተመስገን ሲል፣ ከኋላ ወንበር «ያቺን መስኮት» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። «ዝጋት» እንኳን አይሉም። መስኮት ከመዘጋት ሌላ ምን ሥራ አለው ብለው ነው።

«ኧረ ማዘር፣ ታፈንን እኮ» የሚል ደፋር ከተገኘ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

«ታፍኖ የሞተ ሰው አላየሁም። ብርድ የመታውን ግን ስንቱን ቀብሬያለሁ። ብርድ አንዴ ከገባ አይወጣም።»

ክብርት ወይዘሮ አስቻለች፣ የጉለሌና የአካባቢዋ የንፋስ ጉዳይ የበላይ ጠባቂ፣ ሽሮ ሜዳ ጋቢ ይሸጣሉ። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ለገበያቸው ነዋ» ይላል። ያማቸዋል። እሳቸው ጋቢ ባይሸጡም ብርድን እንዲሁ ይጠሉት ነበር፤ በር በር እያየ ሰፈር ለሰፈር የሚዞር ሌባ አድርገው ነው የሚያዩት። የቤታቸው የቁልፍ ቀዳዳ በጥጥ ተወትፏል። ለቅሶ ሲሄዱ መጀመሪያ የድንኳኑን ጎን ያስወርዳሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚያለቅሱት። የጎረቤታቸው የኑሕ ልጅ ፈተና የወደቀ ጊዜ «መስኮት ዳር ነበር የተቀመጠው?» ብለው ጠየቁ። መስኮት ዳር ነበር። ለእሳቸው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

እኚህ ሴት ናቸው እንግዲህ አንድ ማለዳ በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው፣ እንጦጦ ግርጌ ካለችው ትንሽዬ የዋና ገንዳ በር ላይ የተገኙት።

የገንዳዋ አሰልጣኝ ኪያ ትባላለች። የሸጎሌ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጸጉሯ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ካልተቀመጠችና ንፋስ ፊቷን ካልመታት የሄደች አይመስላትም። ሁለቱ እስከዚያ ቀን አንድ ታክሲ ላይ ሳይገናኙ መቅረታቸው የእግዜር ቸርነት ነው።

«እትዬ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለቻቸው።

«ውሃውን» አሉ።

ጉልበታቸው ነው። ሁለቱም ካስቸገሯቸው ከርሟል፤ ደረጃ የሚወጡት ሰው ደግፏቸው ነው። ሐኪሙ ውሃ ውስጥ እየተራመዱ ካላፍታቱት ጭራሽ ይደርቃል ብሏቸዋል። ይህን ሁሉ ለኪያ በችኮላ ተናገሩና ዋናው ጉዳይ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዓምና ስቅለት ሰው ሲሰግድ እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳይ ዋልኩ። ካቻምናም እንደዚያው። ዘንድሮ ግን እሰግዳለሁ። በቃ። አንቺ የምታደርጊውን አድርጊ፣ እኔ ለስቅለት እሰግዳለሁ።»

ኪያ የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ስለ ስቅለት ስግደት በደንብ አታውቅም። ያን ዓይን ግን ታውቀዋለች። ውድድር የደረሰባቸው ዋናተኞቿ የሚያዩት እንደዚያ ነው። ወዲያው መዘገበቻቸው፤ እሳቸውም ወዲያው ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ።

«ይሄ በረዶ ነው።»

«ሃያ ስምንት ዲግሪ ነው፣ እትዬ።»

«ይሁና። ሃያ ስምንት ዲግሪ በረዶ።»

ኪያ አስረዳቻቸው። ገንዳው አንድ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ልጆቹ እዚሁ ይሠለጥናሉ፤ በኃይል ሲዋኙ ሰውነታቸው ይግላል፣ የሚያቀዘቅዛቸው ውሃው ነው። ስለዚህ ለእነሱ ከሃያ ስምንት ባያልፍ ይመረጣል። ለታመመ ጉልበት ደግሞ ሞቅ ያለ ይሻላል። ይህን ያህል ውሃ ደግሞ እንደ ሻይ ቶሎ ፈልቶ ቶሎ አይበርድም። እንግዲህ ለሁሉም እንዲሆን ብላ ሃያ ዘጠኝ ላይ አደረገችው፤ ልጆቹ ሞቀን አሉ፣ ወይዘሮ አስቻለች በረደኝ አሉ፣ ኪያ መሃል ላይ ቀረች።

ወይዘሮ አስቻለች በቴርሞሜትር አያምኑም። ልጆቻቸውን ሲያጥቡ እንደኖሩት በክርናቸው ነው የሚለኩት። የክርናቸው መለኪያ አራት ደረጃዎች አሉት፤ የሚፋጅ፣ ደህና፣ በረዶ፣ እና የሬሳ ማጠቢያ። ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ በመጨረሻዎቹ በሁለቱ መሃል ይውላል።

ቢሆንም ቀርተው አያውቁም። የሱፍ ኮፍያቸውን እንዳጠለቁ ይገባሉ፤ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ የማርያምን ስም እየጠሩ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ይራመዳሉ። ከመግባታቸው በፊት ግን ላይኛዎቹን መስኮቶች በረጅም እንጨት ገፍተው ይዘጋሉ፤ እጃቸው የሚደርስበትን ስንጥቅ ሁሉ ከሱቃቸው ባመጡት ቁራጭ ጨርቅ ይወትፋሉ። ኪያ ትነቅላለች፣ እሳቸው ይወትፋሉ። አንዳንዴ ኪያ ትናደዳለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ውሃው ውስጥ ጉልበታቸው በብርድ ተይዞ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ሲቆሙ ታያለች። እንደዚያ ባየች ቁጥር ሴትዮዋ እውነት አላቸው ትላለች በሆዷ።

አንድ ሰኞ ታክሲ ጠፍቶ ኪያ አረፈደች። ስትደርስ ልጆቹ ለብሰው ይጠብቃሉ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምታየው ቴርሞሜትሩን ነው፤ ያን ቀን አላየችውም። መስታወቱ ሁሉ በጉም ተሸፍኗል፤ የጠዋት ብርድ ነው ብላ አለፈችው።

«ዛሬ ውሃው ደስ ሲል» አለች ሉሊት፣ ከልጆቹ ሁሉ ፈጣኗ። ወይዘሮ አስቻለች ዳር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ፊታቸው በዓል በዓል ይላል።

ልጆቹ ጥቂት እንደተመላለሱ «ኪያ፣ ያቺ ልጅ» ያሉት እሳቸው ናቸው። ሉሊት መሃል ላይ ቆማለች። ፊቷ በርበሬ መስሏል፤ ዓይኗ ክፍት ነው፣ ግን ማንንም አያይም። ኪያ ከነልብሷ ዘላ ገባች። ጎትታ ስታወጣት ልጅቷ አስመለሳት፣ ከዚያ ዞሮብኛል ብላ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ኪያ ሌሎቹን ውጡ አለቻቸውና ቴርሞሜትሩን አነሳች። ሠላሳ አምስት ይላል።

«ሙቀት ነው» አለች። «አየር ያስፈልጋታል።»

አየር ከየት ይምጣ? መስኮቱ ሁሉ ተወትፏል። ኪያ የሉሊትን ራስ ደግፋ መነሳት አልቻለችም።

ወይዘሮ አስቻለች አግዳሚው ወንበር ላይ ወጡ። እንዴት እንደወጡ እሳቸውም አያውቁትም። የወተፉትን ጨርቅ እየመዘዙ ወረወሩና የመጀመሪያውን መስኮት በረገዱት። የእንጦጦ ንፋስ ግንባራቸውን አላቸው። ቀጥለው ሁለተኛውን ከፈቱ፣ ሦስተኛውንም። ወርደው ጋቢያቸውን አወለቁና ሉሊትን በእሱ ማራገብ ጀመሩ፤ እስክትናገር ድረስ አላቆሙም። ልጅቷ ቀስ በቀስ ቀለሟ ተመለሰ፣ ውሃ ጠጣች፣ በመጨረሻ «በቃ እትዬ፣ በረደኝ» አለች። ወይዘሮ አስቻለች ይህን ሲሰሙ እንባቸው መጣ።

ይህን ጊዜ ማሞቂያውን የሚቆጣጠሩት ዘበኛው ጋሽ ደበላ በር ላይ ቆመዋል። አዲስ ጋቢ ለብሰዋል፤ እጥፋቱ እንኳን ገና አልጠፋም። ኪያ ጋቢውን አየች፣ ከዚያ ወይዘሮ አስቻለችን አየች።

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ አስቻለች። «ቅዳሜና እሁድ ዝግ አይደለም? ትንሽ ጨምርልኝ አልኩት። ጠዋት በክርኔ ለካሁት፣ ደህና ነበር።»

«ለክርንዎ ደህና ነው። በኃይል ለሚዋኝ ሰው ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ብትሰምጥስ ኖሮ፣ እትዬ? ለእናቷ ምን እላት ነበር?»

ወይዘሮ አስቻለች ጋቢውን ሉሊት ላይ ጣል አደረጉና በነጠላቸው ብቻ፣ በዚያ ብርድ፣ ወጥተው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አልመጡም። ኪያ መጀመሪያ እፎይ አለች፤ መስኮቱን እንዳሻት ከፍታ ዋለች። በማግስቱ ግን ከግድግዳ ግድግዳ የሚሄድ የሱፍ ኮፍያ ሲያጣ ዓይኗ ይፈልግ ጀመር። ደግሞስ ቴርሞሜትሩን ሳታይ ልጆቹን ያስገባች ማን ናት? ጾሙ እየተጋመሰ ነው፤ ስቅለት ይመጣል፤ ሴትዮዋ ዘንድሮም ወንበር ላይ ሊቀመጡ ነው። ይሄ አይሆንም አለች ኪያ። ሉሊት የታጠበውን ጋቢ ስታመጣላት በፌስታል አድርጋ ወደ ሽሮ ሜዳ ወረደች።

ወይዘሮ አስቻለች ከጋቢ ክምር ኋላ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አላዩዋትም።

«ልጅቷስ?»

«ከእኔ በላይ ትዋኛለች። እትዬ፣ ይስሙኝ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ለልጆቹ ሃያ ሰባት ይሆናል። ረቡዕ ማሞቅ እጀምራለሁ፤ ቅዳሜም ከእንግዲህ ይከፈታል፤ ዓርብና ቅዳሜ ለጉልበት ሕመምተኞች ብቻ ነው። እሁድ መስኮት ተከፍቶ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ተጨምሮ መልሶ ይበርዳል። ለእናንተ ሠላሳ ሁለት።»

ወይዘሮ አስቻለች ነጋዴ ናቸው። ኀዘን ላይ ቢሆኑም የተጠራ ዋጋ ዝም ብለው አያልፉም።

«ሠላሳ አራት አድርጊው።»

«ሠላሳ ሁለት።»

«እሺ ሠላሳ ሦስት፤ አንቺም አትጎጂ፣ እኔም አልጎዳ።»

«ሠላሳ ሁለት፣ እትዬ። ሲራመዱ ይሞቅዎታል። ደግሞ ከእንግዲህ ቴርሞሜትሩን የሚያነቡት እርስዎ ነዎት።»

ቀና ብለው አዩዋት። «እኔ?»

«እርስዎ።»

ይህን ሹመት ሰጥታ ኪያ ራሷ ተቀጣች። ወይዘሮ አስቻለች በማግስቱ መነጽር አጥልቀው መጡ። እሳቸው አንብበው «ግቡ» ካላሉ ማንም እግሩን አይነክርም። የእሳቸው ቀን ባይሆንም ሰኞ ሰኞ በማለዳ እየመጡ ለልጆቹ ሃያ ሰባት መሆኑን ያረጋግጣሉ፤ አንድ መስመር ካለፈች ኪያን ይቆጧታል። ጋሽ ደበላ ወደ ማሞቂያው ሲጠጉ «ደበላ፣ እጅህን» ይላሉ። በሠላሳ ሁለቱ ውሃ ደግሞ ጉልበታቸው መታጠፍ ጀመረ። ገና ዳር ይዘው ነው፣ ያማቸዋል፣ ይራገማሉ፤ ግን ይታጠፋል። አንዷ መስኮት ገርበብ እንድትል ፈቅደዋል፤ በዓይነ ቁራኛ ይጠብቋታል።

ስቅለት ዕለት ወደ ማታ ገደማ ኪያ ወደ ሸጎሌ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ እንደ ልማዷ መስኮት ዳር፣ ፊቷን ለንፋስ ሰጥታ ነበር። ስልኳ ጠራ።

«ሰገድኩ» አሉ ወይዘሮ አስቻለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«እትዬ?»

«ሰገድኩ ነው የምልሽ። እንደ ድሮዬ አይደለም፤ እያረፍኩ ነው። ግን ግንባሬ መሬት ነካ፣ ኪያዬ። ላብ በላብ ሆኜ ጋቢዬን ሁሉ አውልቄያለሁ።»

ኪያ ሰው እንዳያያት ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች።

«ጉልበትዎስ?» አለች በመጨረሻ።

«እሱማ ያመኛል። ይመመኝ። ምንድነው እዚያ የሚጮኸው?»

«ንፋስ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ነኝ።»



«ኪያ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ያቺን መስኮት።»

ኪያ ዘጋችው። ከኋላዋ የተቀመጠ ጎረምሳ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። «እህቴ፣ ታፈንን እኮ፣ ክፈችው እንጂ» አላት።

ኪያ ዞር ብላ አየችው።

«ብርድ አንዴ ከገባ አይወጣም» አለችው።