ለጥንቸሎቹ የተከለከለ ሳር

ከሚጠብቀው ነገር ይልቅ አጥሩን የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔው መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ ከተማ ላይ ጎረቤቴ ነው፤ መምህር ጌታነህ ይባላል። በእኛ አገር ጥንቸል አይበላም፤ እሱ ግን ዓይናቸውን ወድዶ ሁለት አመጣ።

ጓሮው ውስጥ የሚግጡበት መስክ አጠረላቸው። ቀበሮ ቆፍሮ እንዳይገባ ሽቦውን መሬት ውስጥ ቀበረ፣ ጭልፊት እንዳይወርድ ከላይ መረብ ዘረጋ፣ በሩን በሁለት ጓጉንቸር ቆለፈ። እህል የሞላ ጎተራ እንኳ እንዲህ ይጠበቃል? እኔም «እጅህ ይባረክ» አልኩት። ምን ልበል?

ጥንቸሎቹ ግን ጭስ በጠገበ ማድቤት፣ ሳጥን ውስጥ፣ የገብስ ገለባ ያኝካሉ። ሚስቱ አስካለ በየጠዋቱ ትለምነዋለች።

«ኧረ በእመብርሃን፣ ዛሬ እንኳ ልልቀቃቸው!»

«ሳሩ ገና ለጋ ነው፤ ይረግጡታል። ሳር ካልተከለከለ መቼ ይጠናል? ግጦሹን ለዓመታት ከልክሎ የሚያቆይ የመንዝ ሰው አይደለሽም እንዴ?»

ሳሩ ጉልበት ደረሰ። ውርጩም መጣ። አንዷ ሰኞ፣ ሌላዋ ሐሙስ፣ እዚያው ሳጥን ውስጥ ደርቀው ተገኙ።

አውሬ እንዳያወጣቸው ብሎ ሳሩ መሃል ቀበራቸው። መስኩ ውስጥ ሲገቡ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያ ወጣና በሩን በሁለቱም ጓጉንቸር ቆለፈው።