የደነገጠችው ሰርቨርና የእትዬ ከድጃ ዝውውር

አጥፍቶ ማብራት የማያድነው በሽታ የለም ብለን የምናምን ሰዎች ነን። ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ አጥፍተን እናበራዋለን፤ እምቢ ካለም በጥፊ እናጮለዋለን። ባጃጁ አልነሳ ሲል ሹፌሩ ቁልፉን ይነቅልና ቢስሚላህ ብሎ መልሶ ይሰካዋል። ይህ ታሪክ በሆነበት ዘመን መሥሪያ ቤቶችም የሚታከሙት በዚሁ ነበር። ሥራው አልሄድ ሲል «መልሶ ማዋቀር» ይመጣና ሁላችንም ጠፍተን እንደገና እንበራለን፤ ወንበራችን ከመስኮቱ ወደ በሩ ይዛወራል፤ «ክፍል» የነበረው «የሥራ ሂደት» ይባላል፤ ሥራው ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። እኔ ታዲያ በዚህ ሕክምና የተካንኩ ሰው ነበርኩ። እንጀራዬም እሱው ነበር።

ወልቂጤ ውስጥ፣ ስሙን በማልነግራችሁ አንድ መሥሪያ ቤት፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ አንዲት ሰርቨር ነበረችው፤ የሁላችንንም ፋይል በሆዷ ይዛ የምትውል ትልቅ ኮምፒውተር። በውስጧ ከርነል የሚሉት አለቃ አለ፤ ያለ እሱ ትእዛዝ አንዲት ፊደል ከቦታዋ አትነቃነቅም። አለቃው ደግሞ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚያውቀው ዲስኩ ላይ ከተጻፈ መዝገብ ነው፤ ፋይል ሲስተም ይሉታል። መዝገቡ ሲበላሽበት ከርነሉ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? እንደኛ አለቆች «እናየዋለን፣ ነገ ተመለሱ» አይልም። «ደንግጫለሁ» ብሎ በነጭ ፊደል ስክሪኑ ላይ ይጽፍና ድርቅ ይላል። ከመላው መሥሪያ ቤት ሲቸግረው ቸገረኝ የሚል እሱ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የደረቀ ቀን አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ተነሳ። ተጨበጨበልኝ። በሳምንቱ ደገመው፤ እኔም ደገምኩት። መዝገቡን የሚያበላሸው ድንገት የሚሄደው መብራት ነበር። ለዚህ ጊዜ የሚሆን ባትሪ ሰርቨሯ ነበራት፤ ነገር ግን ባትሪው ኃላፊያችን አቶ ታደሰ ቢሮ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ተወስዶ ነበር። «ይመለስልኝ» ማለት ነበረብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ ልላችሁ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ፈራሁ። ግምገማ እየደረሰ ነበራ! መዝገቡን መፈተሽም ነበረብኝ። ፍተሻው ግን ሰርቨሯን ግማሽ ቀን ይዘጋል፤ አጥፍቶ ማብራት አምስት ደቂቃ ነው፣ ያውም ከነጭብጨባው። በእያንዳንዱ ጭብጨባ መዝገቡ ይብስ እየተበላሸ እንደነበር አውቅ ነበር።

አሁን እትዬ ከድጃን ላስተዋውቃችሁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ግን እንደ ታላቅ እህቴ አንቺ ነው የምላት። የቡታጅራ ሰው ናት። በርበሬ ነጋዴው ባሏና ሁለት ልጆቿ እዚያው ናቸው። ሲሳካላት በሁለት ወር አንዴ፣ አርብ ከሰዓት በአረቅጥ በኩል ባለው ጠጠር መንገድ በሚኒባስ ትሄዳለች፤ እሑድ አቧራ ለብሳ ትመለሳለች። ሁለት ጊዜ ዝውውር ጠይቃ ሁለት ጊዜ ተከልክላለች። ያን ዓመት የቡታጅራው ቅርንጫፋችን ሰው ላኩልኝ አለ። አንድ ሰው ብቻ። የዝውውር ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ ነው፤ አመልካች የሦስት ዓመት የሥራ አፈጻጸም ውጤቱን አያይዞ ያቀርባል። ውጤቱ ያለው ሰርቨሯ ላይ ነው። ወረቀቱማ በእኔ ምክር ቀርቷል፤ «ከእንግዲህ ወረቀት የአይጥ ቀለብ ነው» ብዬ ስብሰባ ላይ ደረቴን ነፍቼ የተናገርኩት እኔው ነኝ።

ሰኞ ጠዋት ሰርቨሯ ደረቀች። አጠፋሁ፣ አበራሁ። አልተነሳችም። ደግሜ አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ ወይ ፍንክች! ዞር ስል እትዬ ከድጃ በሩ ላይ ቆማለች።

«ባክአፕ የምትለው ነገር አለ አይደል?» አለችኝ።

አለ። ለክፉ ቀን የሚቀመጥ የፋይሎቹ ግልባጭ ማለት ነው። የት እንዳስቀመጥኩት ግን አትጠይቁኝ። እዚያው ሰርቨሯ ሆድ ውስጥ።

«ያ አላህ! ለልጆቼ እኮ ዘንድሮ መጣሁላችሁ ብያቸዋለሁ» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ።

የፈራሁትን ፍተሻ ጀመርኩ። ማሽኑ «ይህ ተበላሽቷል፣ ላስተካክል?» ይላል፤ አዎ እላለሁ። እስከ ምሳ ሰዓት፣ ስብሰባ ላይ እጅ እንደሚያወጣ ሰው፣ ሳላነብ አዎ፣ አዎ፣ አዎ ስል ቆየሁ። ሰርቨሯ ተነሳች! ፋይሎቹም አብዛኞቹ ተገኙ። ስማቸው ግን ጠፍቷል። በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች ባንድ ቋት ተከምረው፣ ከስም ይልቅ ቁጥር ብቻ ይዘው ቁጭ ብለዋል።

እትዬ ከድጃ ወንበር ስባ «ክፈተው» አለችኝ። ሁለት መስመር ታነባለች፣ ትናገራለች፣ እኔ ስም እጽፋለሁ። «ይሄ የግዥ ኃላፊው ነው፤ በአስቸኳይ ሳይል አይጽፍም። ይሄ የጸሐፊዋ ነው፤ ቀን አትጽፍም። ይሄ የአቶ ታደሰ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ሁለት ገጽ ጽፎ ምንም አላለም።»

ለሰላት ብቻ እየተነሳች ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን ከእኔ ጋር ዋለች። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የራሷ ውጤት ወጣ፤ ከሠራተኛው ሁሉ የበለጠ። «አልሐምዱሊላህ» ብላ በሻርፗ ዓይኗን ጠረገች። አትሜ ሰጠኋት። ተነስታ መሄድ ትችል ነበር፤ እሷ ግን «የሰው ሥራ ያለ ስም አይቀርም፣ ቀጥል» አለችኝና ሁሉንም ጨረስን።

ሐሙስ የሰርቨሯን ነገር እንዳስረዳ ኮሚቴው ፊት ተጠራሁ። ይኸው ውለታዋን የምመልስበት ቀን ደረሰ ብዬ አፌን ሞልቼ መሰከርኩ። ያለ እሷ ሁላችንም ጠፍተን ነበር አልኩ። መዝገቡ የነበረው ማሽኑ ላይ ሳይሆን እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው አልኩ። ጥፋቱ የእኔ እንደነበረም አልደበቅኩም። ሰብሳቢው አቶ ታደሰ በመገረም ራሱን ነቀነቀ።

«እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ ይለቀቃል እንዴ?» አለ።

አይለቀቅም፣ አሉ ሁሉም። ምነው አፌን በቆረጠው! «ቢሆንም ለቡታጅራ ሰው መላክ ግዴታችን ነው» ቀጠለ አቶ ታደሰ፤ «ስለዚህ የማንቸገርበትን ሰው እንላክ።» ይህን ጊዜ የኮሚቴው ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

በሳምንቱ እኔ፣ የሚጠብቀኝ ሰው የሌለኝ ላጤ፣ ሻንጣዬን ይዤ ቡታጅራ ገባሁ። እትዬ ከድጃ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ለልጆቿ የገዛችውን ሁለት ሹራብ በፌስታል አድርጋ «አደራ፣ አድርስልኝ» ብቻ አለችኝ። ባሏ ጀማል አሰላሙ አለይኩም ብሎ እጄን ይዞ አስገባኝ፣ ምሳ አቀረበልኝ። ልጆቹ ሹራባቸውን ለበሱ። የትንሿ እጅጌ አጥሯታል፤ እናቷ የምታውቀው ልክ አልፎባታል።

«ውጤቷ ጥሩ ነው ብላኝ ነበር» አለኝ ጀማል።

«ከሁላችንም የበለጠ ነው።»

«ታዲያ መቼ ነው የምትመጣው?»

የሚያጽናና ውሸት ብፈልግ አጣሁ።

«ስትሰንፍ» አልኩት።